ታጅ ማሐልን አስቀድሞ ወይስ በኋላ

ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ብዙ ነገር ያስባል። ገንዘቡን፥ ልብሱን፥ የይለፍ ወረቀቱን፥ ለቤቱ የሚተወውን ጠባቂ ሁሉ አንድ በአንድ ያሰናዳል። ነገር ግን አንድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል፤ ይኸውም በሚሄድበት አገር ያለውን ስመ ጥር ሕንጻ በጉዞው መጀመሪያ፥ በመካከሉ ወይስ በመጨረሻው ቢያየው እንደሚሻል መቍረጥ ነው። ይህ ነገር ለሰሚው ቀላል ይመስላል። በእኛ ቤት ግን ባልና ሚስትን ያከራከረ፥ ልጆችንም ያስጨነቀ ነገር ሆኖ ስላየሁት፥ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። ከታሪክ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አባቴ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ የሕንድን አገር ዞረው ለማየት አሳብ ነበራቸው። ሊያዩአቸው የሚፈልጉአቸውንም ከተሞች በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ጽፈው በዳዊታቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። በወረቀቱ ራስ ላይ ደልሂ፥ ቀጥሎ አግራ፥ ከዚያም ጃይፑር፥ አሕመዳባድ፥ በመጨረሻም አውራንጋባድ ተጽፈዋል። ይህን ሲያስቡ ሳሉ የልብ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞችም መርምረው የልባቸው የደም ሥሮች ስለ ጠበቡ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩአቸው። ለዚሁም ወደ ደልሂ መሄድ ተቈረጠ። ስለዚህ ለደስታ የታሰበው ጉዞ የሕክምና ጉዞ ሆነ፤ ወረቀቱ ግን ከዳዊቱ ውስጥ አልወጣም። እናቴ፥ ታናሽ እኅቴና እኔ ተከትለናቸው፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር መጨረሻ ደልሂ ገባን።

በሆስፒታሉ የተቀበለን ሐኪም ምርመራው ዐሥር ቀን ያህል እንደሚፈጅ፥ ኦፕራሲዮኑም ከዚያ በኋላ በሚውለው ሰኞ እንደሚደረግ፥ በሽተኛው ወደ አገር ለመመለስ ደግሞ ሁለት ወር ያህል መቈየት እንደሚገባቸው አስረዳን። አባቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሕመማቸው አልነበረም። «በእነዚህ ዐሥር ቀኖች ውስጥ አግራ ሄጄ ልመለስ ይፈቀድልኛልን?» አሉ። ሐኪሙም ጥቂት አስቦ፥ «በመኪና ሄዶ መመለስን አልከለክልም፤ ነገር ግን ደረጃ አይውጡ፥ ብርድም አያግኝዎ» ብሎ መለሰ። እንግዲህ ሐኪሙ ፈቃዱን ሰጥቶ ፍርዱን ለእኛ ተወው።

በዚያው ቀን ማታ ክርክሩ ተጀመረ። አባቴ፥ «በኋላ የሚባለው ቀን በእጄ የለም፤ የዛሬው ቀን ግን በእጄ አለ። ወረቀቱ ላይ ከተጻፉት አምስት ከተሞች አራቱ ቢቀሩ አይቈጨኝም፤ አግራን ሳላይ ወደ ቢላ መግባት ግን አልወድም» አሉ። እናቴ ደግሞ፥ «ታጅ ማሐል ማለት መቃብር አይደለምን? ሊድን የመጣ ሰው አስቀድሞ መቃብር ይሳለማልን? እግዚአብሔር ምሮዎት ሲነሡ አብረን እንሄዳለን፤ ከሐኪሙ ቢላ በፊት ግን መቃብር አያሳዩኝ» አሉ። አባቴ ይህን ሟርት ነው ብለው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቁም። ሁለቱም እንደ ዳኛ እኔን ያዩኝ ጀመር፤ እኔም ለሁለቱም ልጅ ስለ ሆንሁ የማዳላበት ወገን አጣሁ።

በመሠረቱ እናቴም ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ ታጅ ማሐል በእውነት መቃብር ነው። ሻህ ጃሃን የተባለው የሙጋሎች ንጉሠ ነገሥት በ1612 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ሙምታዝ ማሐል በዘመቻው ሁሉ የማትለየው፥ ምክሯንም የሚሰማት ሴት ነበረች። 19 ዓመት በትዳር ከኖሩ በኋላ በ1631 ዓ.ም. ቡርሃንፑር በምትባል ከተማ ሳሉ 14ኛ ልጅዋን ስትወልድ ሞተች። ከ14ቱ ልጆች ያደጉት 7ቱ ብቻ ናቸው። አስከሬኗም በዚያው በአንድ የአትክልት ቦታ ስድስት ወር ያህል በአደራ ቈይቶ ወደ አግራ ተወሰደ። ንጉሡም በያሙና ወንዝ ዳር በ1632 ዓ.ም. ሕንጻውን አስጀመረ። ነጩ እብነ በረድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከማክራና ተጓጓዘ፤ በእብነ በረዱም ላይ አበባ አስመስለው የገጠሟቸው ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የከበሩ ድንጋዮች ከሩቅ አገር ሳይቀር መጡ። 20,000 ያህል ሠራተኞች እንደ ደከሙበት ይነገራል። ዋናው የመቃብር ሕንጻ በ1640ዎቹ ዓመታት ተፈጸመ፤ በዙሪያው ያሉት አደባባዮችና በሮች ሥራ ግን እስከ 1653 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። የጉልላቱ ከፍታ 73 ሜትር ያህል ነው። በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ረጃጅም ግንቦችም በጥቂቱ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው፤ ይህም የምድር መናወጥ ቢመጣ በመቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ታስቦ የተደረገ ነው ይባላል።

እኔም ፍርዱ ከእኔ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፥ የአግራን አየር ጠባይ ጠያይቄ አስታራቂ የሚሆን ነገር አገኝ እንደ ሆነ ብዬ መረመርሁ። ከመጋቢት ማለቂያ እስከ ሰኔ ድረስ ሐሩሩ ብርቱ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ እብነ በረዱ ዓይን ያጥበረብራል፥ ድንጋዩም እግር ያቃጥላል። ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ዝናም ነው፤ ሣሩ ይለመልማል፥ ጐብኚውም ያንሳል፥ ነገር ግን ሰማዩ ሲከፈት ሰው መጠጊያ ያጣል። ጥቅምትና ኅዳር፥ እንደዚሁም የካቲት፥ ለመንገደኛ የሚስማሙ ወራት ናቸው። ታኅሣሥና ጥር ግን አታላይ ናቸው። ቀኑ ለብ ያለና ደስ የሚያሰኝ ሲሆን፥ ሌሊትና ጧት ከያሙና ወንዝ ሸለቆ የሚነሣው ጉም ምድሩን ሁሉ ይሸፍነዋል። በዚያን ጊዜ ባቡሮች ብዙ ሰዓት ይዘገያሉ፤ በአውራ ጎዳናም መኪና ከመኪና ይጋጫል፤ ከሩቅ አገር የመጣውም ጐብኚ በታጅ ማሐል ፊት ቆሞ ታጅ ማሐልን ሳያይ ሊመለስ ይችላል። እኛ ደግሞ የደረስነው በዚሁ ወራት መግቢያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለሁለቱም ነገርኋቸው። እናቴ ጉሙን ለእሳቸው ወገን ምስክር አደረጉት። አባቴም፥ «ጉምማ በእኛ በእንጦጦም አለ፤ ረፋድ ላይ ይገፈፋል» ብለው ምስክሩን ውድቅ አደረጉት። በመጨረሻም ምርመራው ሊፈጸም ሲቃረብ፥ የሕመምተኛ ፍላጎት ይቀድማል ብዬ ለአባቴ ፈረድሁ። እናቴም ፍርዱን ባይወዱትም ተቀበሉት። ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ስለ ሆነ ዓርብ ሄደን ዓርብ ማታ እንድንመለስ መኪና ተከራየን። አባቴ በዚያን ቀን ምግባቸውን በደስታ በሉ፤ ካፖርታቸውም ተቦረሸ።

ሐሙስ ማታ ሾፌሩ የመነሻውን ሰዓት ሊጠይቀን መጥቶ፥ ወደ አግራ የምንሄደው ታጅ ማሐልን ለማየት እንደ ሆነ በሰማ ጊዜ ደነገጠ። «ጌታዬ፥ ታጅ እኮ ዓርብ ዓርብ ለጐብኚ ዝግ ነው፤ በግቢው ውስጥ ባለው መስጊድ ለሚሰግዱ ሰዎች ብቻ ነው የሚከፈተው» አለኝ። ይህን ያህል ቀን ስለ ዕድልና ስለ ሟርት ስንከራከር፥ በሩ በምን ቀን እንደሚዘጋ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ይልቁንም ስለ ጉሙ ወራት ያጠናሁ እኔ ይህን አለመጠየቄ እጅግ አሳፈረኝ። እናቴ ወደ ላይ ተመልክተው፥ «በሩን የዘጋልኝ አምላክ የተመሰገነ ይሁን» አሉ። አባቴ ምንም አልተናገሩም።

«ቅዳሜ እንሂድ» ብለን ተስማማን። ቅዳሜ ጧት ግን መስኮቱን ብንከፍት ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ጠበቅን፤ ጉሙ አልተገፈፈም። ሾፌሩም፥ «ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በዚህ ጉም የልብ ሕመምተኛ ይዤ አልነዳም፤ ገንዘባችሁንም እመልሳለሁ» አለ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው በማግኘታችን ልናመሰግነው ሲገባን፥ በዚያን ሰዓት ግን ሁላችንም ፊታችንን አጠቈርንበት። እሑድ ዕለት አባቴ ሆስፒታል ገቡ።

በዚያች ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ ያደርሁት እኔ ነበርሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተኝተዋል ብዬ ሳለሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ። «ልጄ፥ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ከዚህ ባልነሣ፥ እናትህን አግራን ሳታሳያት ወደ አገር እንዳትመልሳት። መቃብር ነው ብላ እንቢ ብትልህ፥ የባል ፍቅር ነው በላት» አሉኝ። ይህን ቃል ለማንም አልተናገርሁም። እስኪነጋም ድረስ የዓርቡ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። አንድ ቀን አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሐሙስን እንሄድ ነበር፤ ይህም ቃል አይነገርም ነበር።

አምላክ ይመስገንና ኦፕራሲዮኑ መልካም ሆነ። አባቴ ከሆስፒታል ወጥተው በተከራየነው ቤት ሲያገግሙ የነቢያት ጾም ተፈጸመ፤ የገና በዓልንም ከአገራችን ርቀን በደልሂ አከበርን። እናቴ ከአገር ባመጡት በርበሬ ወጥ ሠሩ፤ እንጀራው ግን ሕንዶች ከሩዝና ከምስር ሊጥ አቡክተው በሚጋግሩት ቂጣ ተተካ። አባቴም እንደ ቀድሞው ስለ አግራ መጠየቅን ተዉ። ይህ ዝምታቸው ከክርክሩ ይልቅ እናቴን አስጨነቃቸው።

በእነዚህ ሳምንታት አባቴ ትራስ ተደግፈው የሻህ ጃሃንን ዘመን ታሪክ ያነቡ ነበር፤ ማታ ማታም ለእኛ ያወሩናል። ወረቀታቸው ላይ አውራንጋባድን ለምን እንደ ጻፉ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የተወለደ አንድ ልጅ ለባርነት ተሸጦ፥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሕንድ ደረሰ። ስሙም ማሊክ አምባር ተባለ። በጦር ስልትና በብልኀት እየገነነ ሄዶ በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። በ1610 ዓ.ም. ኪርኪ የምትባል ከተማ ቈረቈረ፤ ለከተማዋም ውኃ የሚያመጣ የመሬት ውስጥ ቦይ አሠራ። ይህች ከተማ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ናት፤ ከ2023 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ትባላለች። የሙጋሎች ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በማሊክ አምባር ላይ ሠራዊት ቢልክም ጨርሶ ሊያሸንፈው አልቻለም። በመጨረሻ ልጁን ኩራምን ላከበት፤ ልዑሉም በ1617 ዓ.ም. ዕርቅ አድርጎ ሲመለስ ከአባቱ ዘንድ «ሻህ ጃሃን» የሚል የማዕረግ ስም ተሰጠው። እንግዲህ ታጅ ማሐልን ያሠራው ንጉሥ በዓለም የሚታወቅበትን ስም ያገኘው ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጋር በተደረገ ጦርነት ምክንያት ነው። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ልዑሉ በአባቱ ላይ በሸፈተ ጊዜ በ1624 ዓ.ም. ከዚሁ ከማሊክ አምባር ጋር ተስማምቶ ቡርሃንፑርን ከበበ። ሚስቱ ከ7 ዓመት በኋላ የሞተችው በዚህችው ከተማ ነው። ማሊክ አምባር በ1626 ዓ.ም. ሞቶ በኩልዳባድ ተቀበረ፤ መቃብሩም ዛሬ ድረስ አለ።

እናቴ ይህን ታሪክ ከሰሙ ወዲህ ታጅ ማሐልን «መቃብሩ» ማለትን ትተው «የሙምታዝ ቤት» ይሉት ጀመር። ከጥምቀትም በኋላ በአንድ ማታ፥ «መቼ ነው እንግዲህ የምንሄደው?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። አባቴም ዳዊታቸውን ገልጠው ወረቀቱን አወጡ።

በዚህ ጊዜ ሁሉን አስቀድመን ጠየቅን። ሕንጻው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ተከፍቶ ፀሐይ ከመግባቷ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይዘጋል። ለመግቢያ በሚገዛው ቲኬት ሦስት ሰዓት ብቻ መቈየት ይፈቀዳል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት፥ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሌሊቶችና በኋላ ባሉት ሁለት ሌሊቶችም ጥቂት ጥቂት ሰው እየተቈጠረ ይገባል፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆኖ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚያየው፤ ዓርብና የረመዳን ወርም አይጨመሩበትም። ስለ ታጅ ማሐል የሚጽፉ ሰዎች በጎሕ ሰዓት፥ እብነ በረዱ እንደ ጽጌረዳ ሲቀላ ማየት ይሻላል ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ለጤነኛ መልካም ነው። ለእኛ ግን የጧቱ ብርድ፥ የጨረቃይቱም ሌሊት የሚስማሙን አልነበሩም። ስለዚህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ከደልሂ ለመነሣት፥ በአግራ ለማደር፥ ረቡዕ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ታጅ ማሐልን ለማየት፥ ሐሙስ ለመመለስ ቈረጥን። ዓርብን እጅግ አድርገን ሸሸነው። ሐኪሙም ከሰባት ሳምንት በኋላ ስለ ሆነ በደስታ ፈቀደ። የጠራነው ሾፌር ያው ፊታችንን ያጠቈርንበት ሰው ነበር፤ ይቅርታም ጠየቅነው።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት አግራ ደረስን። አባቴ ካረፉ በኋላ እኔ ብቻዬን በቀይ ድንጋይ ወደ ተሠራው ወደ አግራ አምባ ሄድሁ። ሻህ ጃሃን በ1658 ዓ.ም. በልጁ በአውራንግዜብ ከዙፋኑ ወርዶ እስኪሞት ድረስ ስምንት ዓመት የታሰረው በዚህ አምባ ውስጥ ነው። ሴት ልጁ ጃሃናራ ከእርሱ ሳትለይ አስታመመችው። ከነበረበት ሰገነት ሆኖ ቢያይ ታጅ ማሐል በወንዙ መታጠፊያ ላይ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። እኔም እዚያ ቆሜ፥ አባቴ በደልሂ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ያሳለፉትን ሰባት ሳምንት አሰብሁ።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት ከሆቴላችን ወጣን። መኪና ወደ ሕንጻው ስለማይቀርብ በኤሌክትሪክ ኀይል በምትሄድ ትንሽ መኪና እስከ በሩ አደረሱን። ታላቁን የቀይ ድንጋይ በር እስኪያልፉ ድረስ ሕንጻው አይታይም፤ በበሩ ጨለማ ውስጥ ጥቂት እንደ ተራመዱ ግን በድንገት ነጭ ሆኖ ፊት ለፊት ይቆማል። አባቴ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ከኋላቸው የሚመጣው ሕዝብ በግራና በቀኝ እየከፈለ አለፋቸው። ብዙ ጊዜ ቆይተው፥ «ሥዕሉን አውቀው ነበር፤ ትልቅነቱን ግን አላውቀውም ነበር» አሉ።

በአትክልቱ መካከል ባለው የውኃ ገንዳ አጠገብ የእብነ በረድ መቀመጫ አለ። የእንግሊዝ ልዕልት የነበረችው ዲያና በ1992 ዓ.ም. ብቻዋን ተቀምጣ ፎቶግራፍ የተነሣችበት ስለ ሆነ፥ ጐብኚ ሁሉ በላዩ ለመቀመጥ ይሽቀዳደማል። አባቴን በከዘራ ያዩአቸው ሕንዶች ግን ራሳቸው ተነሥተው አስቀመጡአቸው። ደረጃ መውጣት ስላልተፈቀደላቸው እኅቴ ከእሳቸው ጋር ቀረች፤ እኔ እናቴን ይዤ ወጣሁ። በጫማችን ላይ የጨርቅ ሽፋን አድርገን ወደ ውስጥ ገባን። በጉልላቱ ሥር እንደ ዳንቴል በተፈለፈለ የእብነ በረድ አጥር ውስጥ ሁለት የመቃብር ምልክቶች አሉ፤ እውነተኞቹ መቃብሮች ከታች በምድር ቤት ናቸው። የሙምታዝ ልክ በመካከል ላይ ተቀምጧል። የሻህ ጃሃን ግን በ1666 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ከጎኗ የተጨመረ ስለ ሆነ ወደ አንድ ወገን ገባ ብሎ ይታያል። በዚያ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ ግራው ከቀኙ ጋር ያልተስተካከለው ይህ ብቻ ነው።

እናቴ ተመልሰው ወደ አባቴ ሲመጡ አጠገባቸው ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩአቸው። «እሷ መካከል ላይ ናት፤ እሱ ግን ወደ ጎን ነው ያለው» አሉ። አባቴም፥ «ኋላ የመጣ ሰው ቦታ አይመርጥም» ብለው መለሱ። እናቴ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ቢሆንም መጥቷል፤ እኛም ኋላ መጣን» አሉ። እኔም ያን ጊዜ አባቴ በዚያች ሌሊት በሆስፒታል የተናገሩኝን ቃል በአባቴ ፊት ለእናቴ ነገርኋቸው። እናቴ አንድ ቃል አልመለሱም። ከአባቴ ትከሻ ላይ የተንሸራተተውን ጋቢ ሰብስበው እስከ አንገታቸው ድረስ አለበሱአቸው። የተፈቀደልን ሦስት ሰዓት እስኪያልቅም እዚያው ተቀመጥን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ «መዘግየት ይሻላል» የሚል ትምህርት የማወጣ እንዳይመስልህ። ነገሩ በመልካም ስለ ተፈጸመ እንጂ፥ አባቴ ባይነሡ ኖሮ ያችን ዓርብ ዕድሜዬን ሙሉ ስረግማት እኖር ነበር። ፍጻሜው ያማረ ነገር ሁሉ ምክሩ መልካም ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ቤተ ሰብ ይጠቅማሉ የምላቸውን አራት ነገሮች ልናገር።

አንደኛ፥ ከቤት ሳይወጡ የሕንጻውን መዝጊያ ቀን መጠየቅ ነው። ይህ ከሁሉ ያነሰ ጥያቄ ይመስላል፤ እኛን ያሳፈረን ግን እርሱ ነው። ሁለተኛ፥ የወራቱን ጠባይ ማወቅ፥ ጉምና ዝናምም መንገዱን ቢዘጋ የሚተካ አንድ ትርፍ ቀን ማሰናዳት ነው። ትርፍ ቀን የሌለው ጉዞ በአንድ ጧት ጉም ይፈርሳል። ሦስተኛ፥ ጊዜ የሚፈቅድ ከሆነ ስመ ጥሩን ሕንጻ በመጀመሪያው ቀን በድካም ላይ ከማየት ይልቅ፥ ታሪኩን ካነበቡና አካባቢውን ካወቁ በኋላ ማየት ይሻላል። እናቴ በታኅሣሥ ቢሄዱ ኖሮ የሚያዩት መቃብር ነበር፤ በጥር ሲሄዱ ግን ያዩት የሚያውቁአትን ሴት ቤት ነው። አራተኛውና ዋናው ግን፥ ከሁሉ በፊት አብሮ የሚሄደውን ሰው ማየት ነው። የጎሕ ብርሃንና የጨረቃ ሌሊት በየጊዜው ይመለሳሉ። ሽማግሌ አባት፥ አሮጊት እናት ወይም በሽተኛ ያለበት ቤተ ሰብ፥ ለሕንጻው የሚያምረውን ሰዓት ሳይሆን ለሰውየው የሚስማማውን ሰዓት ይምረጥ። ሰውየው የሚጓጓለት ነገር ካለና ሐኪሙም ከፈቀደ ደግሞ ነገ ዛሬ አይበል፤ በማግሥቱ ዓርብ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቅ።

ወደ ደልሂ በተመለስን ማታ አባቴ ወረቀታቸውን አውጥተው አግራ በሚለው ላይ በእርሳስ መሥመር አሰመሩ። ቀጥሎም ጃይፑርንና አሕመዳባድን፥ «እነዚህ ለልጆች ይቅሩ» ብለው ሰረዙአቸው። በአውራንጋባድ ላይ ሲደርሱ ግን እርሳሱን አነሡ። «የአገራችንን ሰው መቃብር ሳልሳለም አይሆንም፤ ይህን ለሚመጣው ዓመት እናቈየው» አሉ። እናቴም መቃብር ነው ብለው አልተቃወሙም። «ኩልዳባድስ በምን ቀን ነው የሚዘጋው? አሁኑኑ ይጠየቅ» አሉ እንጂ።